ጥርስ ሐኪም መሆን ለሚፈልጉ፦ ከነጥቡ በፊት ያሉት ጥያቄዎች



ባዮሎጂ ስለማስተምርና ልጆች የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሲሞሉ ስለምረዳ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል፦ ‹‹ጥርስ ሕክምና ስንት ነጥብ ይጠይቃል?›› ጥያቄው ጥሩ ነው። ቅደም ተከተሉን ብትጠይቁኝ ግን አራተኛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከእሱ የሚቀድሙ ሦስት አሉ። ተመርቄ የምሠራው የት አገር ነው? የዚያ አገር የሙያ ፈቃድ ሰጪ የትኛውን ዲግሪ ይቀበላል? በእጄ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ወደዚያ ዲግሪ ያስገባኛል? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ልጅ ጥሩ ነጥብ ይዞም በር ላይ ሊቀር ይችላል። አምስትና ስድስት ዓመት ተምሮ ዲግሪው በማይሠራበት አገር ራሱን ሊያገኝም ይችላል፤ ይህኛው ይብሳል።

እኛ ዘንድ ነገሩ የሚወሳሰብበት ምክንያት አለው። እዚህ ናይሮቢ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ከሚቀመጡ ልጆች መካከል የኬንያን ፈተና የሚወስድ አለ፤ እስከ 10ኛ ክፍል አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ አለ፤ በእንግሊዝ ሥርዓት ኤ ሌቭል የሚማር አለ፤ ቤተሰቡ ‹‹ፕሮሰስ ላይ ነን›› እያለ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ጉዞ የሚጠብቅ አለ። ጎረቤት የሰጠው ምክር ለጎረቤት ልጅ ትክክል ሆኖ ለእናንተ ልጅ ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ የዲግሪው ስም እንዳያደናግራችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ዶክትሬት ይባላል። ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ባችለር ነው፤ ታንዛንያ ውስጥ ደግሞ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ዶክተር። ‹‹ባችለር›› የሚለውን ሲሰሙ ‹‹እንግዲያው ልጄ ዶክተር አይባልም ማለት ነው?›› ብለው ቅር የሚላቸው ወላጆች አጋጥመውኛል። ይባላል። ስሙ የተለያየው አንዱ የእንግሊዝን፣ ሌላው የአሜሪካን የስያሜ ልማድ ስለተከተለ ነው፤ ሁሉም ሙሉ የጥርስ ሐኪም የሚያደርጉ ዲግሪዎች ናቸው።

በእርግጥ የሚለያዩት ሌሎች ሙያዎች ናቸው። የጥርስ ቴክኖሎጂ የተማረ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስና ድልድይ በላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል እንጂ ታካሚ አያክምም። ኬንያ ውስጥ በዲፕሎማ የሚሰለጥኑ የማኅበረሰብ የአፍ ጤና ባለሙያዎችም አሉ፤ መሠረታዊ ሕክምናና መከላከል ላይ ይሠራሉ። ሁለቱም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ላይ ሁሉም ‹‹ጥርስ ሕክምና›› ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁን የምትጠይቁት ቀላል ነው፦ ልጄ ሲጨርስ በምን ስም፣ በየትኛው መዝገብ ላይ ይመዘገባል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ሂዱ።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ኬንያ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞችን የሚመዘግበው ከሐኪሞች ጋር በአንድነት የሚያስተዳድራቸው ምክር ቤት ነው፤ የኬንያ ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት ይባላል። ይህ ምክር ቤት ተመራቂውን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። የትኞቹ ትምህርት ቤቶች ማስተማር እንደሚችሉ ይወስናል፤ ተማሪውም ገና ሲገባ በስሙ እንዲመዘገብ ያደርጋል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲና የሞይ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪም ያሰለጥናሉ፤ ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት በሆስፒታል ኢንተርንሺፕ አለ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ደግሞ ኢንተርንሺፕ ከመጀመሩ በፊት የምክር ቤቱን ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ ወደ ሌላ አገር ርካሽ ኮሌጅ ለመላክ የምታስቡ ወላጆች የኮሌጁን ድረ ገጽ ከማንበባችሁ በፊት የምክር ቤቱን ዝርዝር አንብቡ። ኮሌጅ ስለራሱ ክፉ አይጽፍም።

ልጁ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መሥራት የሚፈልግ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል፤ ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ይጠበቅበታል። ምዘናው አዲስ አበባ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማረውንም አይምርም።

አሜሪካ ግን ከሁሉም ይለያል፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥታ ወደ ጥርስ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ ኮሌጅ ተገብቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባችለር ዲግሪ ተይዞ፣ ከዚያ አራት ዓመት የጥርስ ሕክምና ይከተላል። በኮሌጅ ዘመኑ ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው መውሰድ ግዴታ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ባዮኬሚስትሪም ይጨምራሉ። ‹‹ዳት›› የሚባል የመግቢያ ፈተና አለ። ከክፍሎቹ አንዱ 90 ጥያቄዎች ያሉት የእይታ ችሎታ መለኪያ ነው፤ ማዕዘን ከማዕዘን ማወዳደር፣ የታጠፈና የተበሳ ወረቀት ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት እንደሚውሉ መገመት፣ የመሳሰለው። ማመልከቻው በአንድ ማዕከል በኩል ለብዙ ትምህርት ቤቶች ይላካል፤ ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና በጥርስ ክሊኒክ ሐኪም አጠገብ ቆሞ የታየ ሰዓትም ይጠየቃል።

ታዲያ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ተመርቆ፣ ዓመታት ሠርቶ አሜሪካ የሄደ የጥርስ ሐኪምስ? በአብዛኞቹ ግዛቶች ዲግሪው ብቻውን አያሠራውም። ብሔራዊውን የቦርድ ፈተና አልፎ፣ አገሪቱ እውቅና በሰጠችው ትምህርት ቤት ውስጥ እንደገና ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይማራል፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ ክፍያውም ከባድ። በዚህ ምክንያት ‹‹ፕሮሰስ›› ላይ ያሉ ቤተሰቦች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ልጁ እዚህ ይጀምር ወይስ ይጠብቅ? የኔ አስተያየት ይህ ነው። የጉዞ ቀን የተቆረጠለት ልጅ እዚያው ቢጀምር ይሻለዋል፤ እስከዚያው እንግሊዝኛውንና ኬሚስትሪውን ያጠንክር። ቀን ያልተቆረጠለት ግን አይጠብቅ። ‹‹ዘንድሮ ነው፣ ዘንድሮ ነው›› እየተባለ አራት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ አይቻለሁ፤ በዚያ ዘመን አምስተኛ ዓመት ጥርስ ሕክምና ሊደርስ ይችል ነበር።

ወደ መግቢያው እንለፍ። በኬንያው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ለሚመጡ፣ ዝቅተኛው መስፈርት አማካይ ውጤት ‹‹ቢ›› ሆኖ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ፣ በሂሳብ ወይም በፊዚክስ፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ በእያንዳንዱ ‹‹ቢ›› ማግኘት ነው። ይህን ሲያነቡ ‹‹ቢ አለኝ፣ ገባሁ›› የሚሉ ልጆች አሉ። ቢ ሰልፍ ላይ የመቆም መብት ነው። መንግሥት ተማሪ የሚመድብበት የነጥብ ስሌት ጣሪያው 48 ሲሆን ጥርስ ሕክምና የሚገቡት ከ40 በላይ ያላቸው ናቸው፤ ያም ማለት ‹‹ኤ›› እና ወደ ‹‹ኤ›› የተጠጋ ውጤት በሳይንሶቹ ሁሉ። ይህ ምደባ ከነድጎማው ለኬንያ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ዜግነት የሌለው ተማሪ በራሱ ወጪ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ያመለክታል። እዚያ ፉክክሩ ሊላላ ይችላል፤ ዝቅተኛው መስፈርት ግን አይላላም፣ ክፍያውም ሙሉ ነው።

የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ውጤት ይዞ ኬንያ ውስጥ ለማመልከት መጀመሪያ ውጤቱ ከኬንያው ጋር መመዛዘን አለበት፤ ይህን የሚያደርገው የኬንያ ብሔራዊ የብቃቶች ባለሥልጣን ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ተመሳሳዩን የሚሠራው የአገሪቱ የፈተናዎች ቦርድ ነው። ወረፋውም ሆነ የሰነድ ልውውጡ ጊዜ ይወስዳልና ውጤት በወጣ ማግስት ጀምሩት። ስለ ኡጋንዳ ካነሳን፦ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ዓመት የጥርስ ቀዶ ሕክምና ትምህርት አለው፤ በኤ ሌቭል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በዋና ትምህርትነት ማለፍን ይፈልጋል። የኬንያው ፈተና ከኤ ሌቭል በፊት ባለው ደረጃ ስለሚታይ ከናይሮቢ የሚሄዱ ልጆች ብዙ ጊዜ የመሸጋገሪያ ዓመት ይጨመርባቸዋል። ‹‹ካምፓላ ይረክሳል›› የሚለው ሒሳብ ይህን ዓመት ሲጨምር ይቀየራል።

ኢትዮጵያ ሄዶ መማር ለሚፈልግ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ይሰጣል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያለፈው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያለፈውም ቢሆን ወዲያው ጥርስ ሕክምና አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን እንደ እረፍት የሚያይ ልጅ ሕክምናንም ጥርስንም እዚያው ይሰናበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ማስታወቂያውን ለብቻው መከታተል ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ከፈተናው ሦስትና አራት ዓመት አስቀድሞ ነው። ኬንያ ውስጥ አሮጌው ሥርዓት በ2027 እ.ኤ.አ. በሚሰጠው ፈተና ያበቃል። አዲሱ ሥርዓት በጥር 2026 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ተቀብሏል፤ ተማሪው ከሦስት መስመሮች አንዱን ይመርጣል፦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብና ስፖርት። ጥርስ ሕክምና የሚያስብ ልጅ የመጀመሪያውን መስመር ይይዛል፤ በውስጡም ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መኖራቸውን፣ ቢቻል ፊዚክስም መጨመሩን ያረጋግጣል። ከጓደኛ ጋር ለመቀመጥ ሲባል መስመር መቀየር የ15 ዓመት ልጅ ውሳኔ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው በ18 ዓመቱ ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት የሚማሩም ቢሆኑ ሦስቱን ሳይንሶች ለየብቻ ቢወስዱ ይመረጣል፤ ተጣምሮ የሚሰጠው ሳይንስ ወደ ኤ ሌቭል ኬሚስትሪ ሲያሻግር ያንገዳግዳል።

ወላጆች ባዮሎጂን ያስባሉ፤ እውነቱን ለመናገር ልጆቹን የሚጥላቸው ኬሚስትሪ ነው። የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ይህን መናገር አይቀናኝም። ነገር ግን የጥርስ በሽታ ራሱ ኬሚስትሪ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ የአፉ ፒኤች ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ይህን ሽፋን ያጠነክራል። ሲበዛ፣ ያውም የልጁ ጥርስ በድዱ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ሲበዛ፣ ጥርሱን ያበልዘዋል። ከስምጥ ሸለቆ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ በመተሐራ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ ዙሪያ፣ በኬንያም በኩል በናኩሩና በናይቫሻ የጉድጓድ ውሃ ያሳደገው ሰው ፈገግታው ቡናማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ።

ይህን ያመጣሁት ለምን ጥርስ ሐኪም መሆን እንደምትፈልጉ ስትጠየቁ የምትመልሱት ነገር እንዲኖራችሁ ጭምር ነው። ቃለ መጠይቅ ያለበት ወይም የግል መግለጫ የሚያስጽፍ ትምህርት ቤት ‹‹ሰዎችን መርዳት ስለምወድ›› የሚለውን መልስ በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል። አያቱ በልጅነቷ ጥርሷ ለምን እንደበለዘ የጠየቀ፣ ወይም በገጠር ሕፃናት ላይ የሚፈጸመው ግግ ማስወጣት ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ እንዴት እንደሚጎዳ አንብቦ የተረዳ ልጅ ግን የሚናገረው የራሱ ነገር አለው። የሚያውቃችሁ የጥርስ ክሊኒክ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ጥግ ላይ ቆማችሁ ለማየት ጠይቁ። ደም ሲያይ የሚዞርበት ልጅ አሁኑኑ ቢያውቀው ይሻላል። የቀናውን ቁጭ ብሎ፣ አንገት ደፍቶ፣ በአንድ አውራ ጣት ስፋት ውስጥ መሥራት የሚሰለቸው ልጅም እንደዚሁ።

እጅን በተመለከተ ብዙ ፍርሃት አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎች ከሰም ላይ ጥርስ ይቀርጻሉ፤ በአሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ይሰረስራሉ፤ ታካሚ የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ችሎታ በልምምድ ይመጣል። ስዕል፣ ጥልፍ፣ ሹራብ ወይም የሞባይል ጥገና የሚወድ ልጅ ግን ቀድሞ ጀምሯል፤ ወላጆች ‹‹ጥናትህን ትተህ›› ብላችሁ አትቆጡት። ሌላ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። በደምና በምራቅ መካከል የሚሠራ ተማሪ ይህን ክትባት መጨረሱን ብዙ ትምህርት ቤቶች ይጠይቃሉ፤ የተለመደው ሦስት ጊዜ ስለሆነና ስድስት ወር ስለሚወስድ የመግቢያ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ መሮጥ አያዋጣም። ካርዱን አትጣሉ።

ገንዘቡን ባጭሩ ልለፈው፤ መጠኑ በየዓመቱ ይቀያየራል። የትምህርት ክፍያውን ብቻ አትጠይቁ። መሣሪያ ማን ይገዛል? ከሦስተኛ ዓመት በኋላ ክፍያው ይጨምራል? ኢንተርንሺፑ ደመወዝ አለው ወይ? ለውጭ ዜጋስ ይሰጣል? በስደተኛነት የተመዘገቡ ተማሪዎች በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል የሚሰጠውን ዳፊ የሚባል የነፃ ትምህርት ዕድል መሞከር ይችላሉ፤ ሲያመለክቱ ትምህርቱ አምስት ዓመት መሆኑንና ድጋፉ እስከ መጨረሻው ይዘልቅ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

የቀረኝ ከነጥብ ባልተናነሰ የሚያስለቅሰን ነገር ነው፦ ስም። በእኛ ልማድ ልጅ በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ፎርሙ ግን ‹‹የቤተሰብ ስም›› ይላል። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል፤ ልጁ በወረቀት ሁለት ሰው ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ‹‹ፀሐይ›› በፓስፖርቱ ላይ በ‹‹ቲ››፣ በውጤት ወረቀቱ ላይ በ‹‹ኤስ›› ይጀምራል። የልደት ቀንም አለ። ጥር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ጃንዋሪ 14 ቀን 2008 ነው የተወለደው፤ ብዙዎች ግን 2000 ዓ.ም. ከሠግር ዓመት ቀጥሎ መምጣቱን ረስተው 13 ብለው ይጽፋሉ፤ አንዳንዱም ዓመቱን ሳይለውጥ እንዳለ ይገለብጠዋል። የአንድ ቀን ልዩነት ለኛ ምንም ነው፤ ለሬጂስትራር ግን ሁለት ሰነድ ነው። ስለዚህ ልጁ ብሔራዊ ፈተና ከመመዝገቡ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ፓስፖርቱን ወይም የስደተኛ መታወቂያውንና የትምህርት ቤት መዝገቡን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከምዝገባ በፊት ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውጤት ከወጣ በኋላ ቃለ መሐላ፣ ጠበቃ፣ ኤምባሲ፣ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ የማመልከቻው ቀን ደግሞ አይጠብቅም። ከኢትዮጵያ የመጡ የትምህርት ማስረጃዎች በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለባቸው፤ አገር ቤት የሚላላክላችሁ ዘመድ ካለ ለጉዳዩ ውክልና አስቀድማችሁ ላኩለት።

ዘንድሮ ሞክሮ ያልገባ ልጅ ምን ያድርግ? ነጥቡ ለጥቂት ያነሰበት ኬሚስትሪውን ወይም ባዮሎጂውን ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ሁለተኛ ፈተና የሚቀበሉና የማይቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ መጀመሪያ ይጠይቅ። ብዙ የራቀበት በአፍ ጤና ዲፕሎማ ወይም በባዮኬሚስትሪ ዲግሪ ቢጀምር ከሙያው አይርቅም፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዲግሪ ወይም ጥሩ የጤና ዲፕሎማ ያላቸውን አመልካቾች ያያሉ። ለዚህ ግን ዲፕሎማው የተሰጠበት ኮሌጅ በምክር ቤቱ ወይም በሚመለከተው ባለሥልጣን የታወቀ መሆን አለበት፤ ከመመዝገብ በፊት ዝርዝሩ ላይ ስሙን ፈልጉት።